አባ ሰንጋን ለይቶ የሚያፈርስ ቫይረስ፦ የ2001ዱ የፍሎሪዳ ጉዳይ

ባክቴሪዮፋጅ፣ ባጭሩ ፋጅ፣ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። የሰውንም ሆነ የከብትን ሕዋስ አይነካም። ብዙዎቻችን ስለ ፋጅ የሰማነው አንቲባዮቲክ አልበግር ያላቸውን ባክቴሪያዎች ለማከም ይረዳል ሲባል ነው። እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ሌላኛው ሥራው ነው፤ በሽታ አምጪን ባክቴሪያ ቶሎ ለይቶ ስለማሳወቅ። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ በፖስታ በተላከ ዱቄት ከደረሰው የአባ ሰንጋ ጥቃት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕመምተኛው የ63 ዓመት ሰው ነበሩ። ፍሎሪዳ ውስጥ ቦካ ራቶን በምትባል ከተማ፣ ጋዜጦች በሚያሳትም ድርጅት የፎቶ አርታኢ ሆነው ይሠሩ ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተጉዘው ሳለ ድካም ያዛቸው። ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ያልባቸዋል፣ ምግብ አስጠላቸው። ማንም ሰው ጉንፋን ነው ብሎ የሚያልፈው ዓይነት ስሜት ነው። ኦክቶበር 2 ገና ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ ግን ነገሩ ከጉንፋን አልፎ ነበር። ትኩሳታቸው 39 ዲግሪ ደርሷል፣ ያስመልሳቸዋል፣ የሚናገሩትም አይያያዝም።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ማጅራት ገትርን ነው። ስለዚህ ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ ተቀዳ። የጤናማ ሰው የአከርካሪ ፈሳሽ ኩልል ያለ ነው፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከአምስት የማይበልጡ ነጭ የደም ሕዋሳት ቢገኙበት ነው። የእሳቸው 4,750 ነበረው።

ከዚያ ስላይዱ ማይክሮስኮፕ ስር ገባ። የተላላፊ በሽታዎች ሐኪሙ ዶክተር ላሪ ቡሽ ያዩት ነገር ለማጅራት ገትር የተለመደ አልነበረም። ይህን በሽታ ትልልቅ ሰዎች ላይ አዘውትረው የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ክብ ክብ ናቸው። እዚህ ግን ወይን ጠጅ ቀለም የያዙ ትልልቅ ዘንጎች ነበሩ፤ እንደ ባቡር ፉርጎ ጫፍ ለጫፍ ተቀጣጥለው።

ዶክተር ቡሽ አባ ሰንጋን ጠረጠሩ። ይህን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። በመላው ሃያኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበው በትንፋሽ የሚገባ አባ ሰንጋ 18 ብቻ ነበር። የመጨረሻውም በ1976 የታየ ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ሐኪሞች በሽታውን ከመጽሐፍ ውጭ አያውቁትም።

ችግሩ ደግሞ ዘንግ ማየት ብቻውን ምንም አለማረጋገጡ ነው። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ባሲለስ አንትራሲስ ይባላል። የቅርብ ዘመዱ ባሲለስ ሴሪየስ ነው። ሁለቱ በዘረ መል እጅግ ይቀራረባሉ፤ በማይክሮስኮፕ ስርም መልካቸው አንድ ነው። ሴሪየስ በየአፈሩ የሚኖር፣ በየላብራቶሪው ሳህን ላይ ሳይጠራ የሚበቅል ነገር ነው። በዚህ ምክንያት የሆስፒታል ላብራቶሪዎች እንዲህ ያለ ዘንግ ሲያዩ "ከውጭ የገባ ብክለት ነው" ብለው የሚጥሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ብክለት ነው ተብሎ የተጣለው በእርግጥ አባ ሰንጋ ከሆነ ሰው ይሞታል፤ አንድ ሰው ብቻም ላይሆን ይችላል። አባ ሰንጋ ነው ተብሎ ብክለት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከመስከረም አንዱ (ሴፕቴምበር 11) የሽብር ጥቃት ገና ሦስት ሳምንት ባለፈው አገር ላይ በከንቱ ሽብር ይነዛል። ስለዚህ እርግጠኛ መልስ ያስፈልጋል፤ እሱም ቶሎ።

ዶክተር ቡሽ የፓልም ቢች ካውንቲ የጤና ኃላፊ ለነበሩት ዶክተር ጂን ማሌኪ ደወሉ። ናሙናው ሆስፒታሉ ውስጥ ሳህን ላይ ተዘርቶ በሰባት ሰዓት ውስጥ በቅሎ ነበር፤ ባክቴሪያው ምን ያህል እንደበዛ ከዚህ መገመት ይቻላል። የበቀለው ነገር በስተሰሜን ጃክሰንቪል ወደሚገኘው የፍሎሪዳ የሕዝብ ጤና ላብራቶሪ ተላከ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነውና። አሜሪካኖቹ በ1999 የላብራቶሪ ምላሽ ኔትወርክ የሚባል ነገር አቋቁመው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። አደገኛ በሽታ ሲጠረጠር ናሙና ሁሉ አትላንታ ወደሚገኘው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እስኪደርስ አይጠበቅም። በየክፍለ ግዛቱ ያሉ ላብራቶሪዎች አንድ ዓይነት የአሠራር ደንብ፣ አንድ ዓይነት መመርመሪያና የሠለጠነ ሰው ይኖራቸዋል። የጃክሰንቪሉ ላብራቶሪም ለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ነበረው። አባ ሰንጋን ለመለየት በኔትወርኩ ደንብ ውስጥ ከተቀመጡት ምርመራዎች አንዱ ጋማ የሚባል ፋጅ ነው።

ምርመራው ቤተ ሙከራ ላልገባ ሰውም ይገባል። በበግ ደም የተዘጋጀ ማሳደጊያ ያለበት ሳህን ይቀርባል። ባለሙያው ከተጠረጠረው ባክቴሪያ በሽቦ ጫፍ ጥቂት ያነሳል። የአባ ሰንጋ ከሆነ እዚያው ላይ አንድ ምልክት ይሰጣል፤ በሽቦው ሲነካ ተስቦ ይቆማል እንጂ አይወድቅም። ባክቴሪያውን በሳህኑ ላይ ወጥ አድርጎ ይቀባዋል። በተቀባው መሐል አንዲት ጠብታ ጋማ ፋጅ ያኖራል። ጠብታዋ እስክትመጠጥ ይጠብቃል። ከዚያ ሳህኑ ከሰውነት ሙቀት ጋር በሚቀራረብ ሙቀት ኢንኩቤተር ውስጥ ይገባል። በጎን ሁለት ሌሎች ሳህኖች አብረው ይሄዳሉ። በአንዱ ላይ የታወቀ፣ ጉልበቱ የተሰበረ የአባ ሰንጋ ዝርያ አለ። በሌላው ላይ ሴሪየስ አለ። የመጀመሪያው ሳይጠራ ከቀረ ወይም ሁለተኛው ከጠራ ምርመራው ዋጋ የለውም፤ እንደገና ይሠራል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ባክቴሪያው ያድጋል፣ ሳህኑ ላይ ግራጫማ ምንጣፍ ይዘረጋል። አባ ሰንጋ ከሆነ ግን ጠብታዋ ያረፈችበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ክብ፣ ጥርት ያለ፣ ዳሩ የሚታይ ባዶ ቦታ። የመጀመሪያው ፍንጭ በጥቂት ሰዓታት ሊታይ ይችላል፤ አስተማማኙ ንባብ አድሮ ነው። በዓይን ይነበባል፤ ውድ ማሽን አይፈልግም።

ባዶውን ቦታ የፈጠረው ምንድን ነው? ፋጁ በጅራቱ ጫፍ የባክቴሪያውን ግድግዳ ይፈትሻል። የሚፈልገው ጋምአር የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ተመራማሪዎች ይህን ያወቁት ቆይተው፣ በ2005 ነው። ፕሮቲኑን ካገኘ ይጣበቃል፣ ዘረ መሉን ወደ ውስጥ ይልካል። ከዚያ በኋላ የባክቴሪያው የራሱ ማምረቻ ሁሉ ለፋጁ ይሠራል። በመጨረሻ ፋጁ ፕላይጂ የሚባል ኢንዛይም ያሠራል። ኢንዛይሙ የባክቴሪያውን ግድግዳ ከውስጥ ይቆርጠዋል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የወጡት አዳዲስ ፋጆች ጎረቤቱን ይይዛሉ። ይሄ ሲደጋገም ነው ዓይን የሚያየው ክብ የሚወጣው።

ይህን ምርመራ የምወድበት አንድ ምክንያት አለኝ። ፒሲአር ዘረ መልን ያገኛል፤ ባክቴሪያው ይሙት ይኑር ግን አይነግርህም። ፀረ እንግዳ አካልን የሚጠቀሙ ምርመራዎችም የሚያዩት የባክቴሪያውን ገጽ ብቻ ነው። ፋጅ ግን የሚበዛው በሕይወት ባለ፣ በሚያድግ ባክቴሪያ ውስጥ ነው። ሳህኑ ላይ ክብ ከወጣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ታወቀ ማለት ነው፤ ባክቴሪያው የሚፈለገው ነው፣ ሕይወትም አለው። ፖስታ ውስጥ የተገኘ ዱቄት ሰው ያሳምማል ወይስ አያሳምምም ለሚል ጥያቄ ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው አያንስም።

ጋማ ፋጅ በ2001 የተሠራ አልነበረም። ኤሪክ ብራውን እና ዊሊያም ቼሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት በ1955 ነው። ከእነሱ በፊት ማኮሎይ የተባሉ ተመራማሪ ደብልዩ የተባለውን ፋጅ አጥንተው ነበር፤ ጋማ ከዚያ ዘር የወጣ ነው። ብልጫው የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ በሽፋን ተሸፍኖም ቢሆን መግባት መቻሉ ነው። በዚያ ዘመን በሽታው አሜሪካ ውስጥ የሱፍና የፍየል ጠጉር ፋብሪካ ሠራተኞች በሽታ ነበር። በ1957 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ዘጠኝ ሠራተኞች ታመው አራቱ ሞተዋል። ባክቴሪያውን ለመለየት ጊኒ ፒግ ወጋ አድርጎ መሞቷን መጠበቅ የተለመደ በነበረበት ጊዜ አንዲት የፋጅ ጠብታ ትልቅ እፎይታ ናት።

ከዚያ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፣ ክትባት መጣ፣ በሽታው ከአሜሪካ ጠፋ ማለት ይቻላል። ፋጁ ግን አልተጣለም። በፍሪጅ ተቀመጠ፣ ታደሰ፣ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ተላለፈ። ለጠፋ በሽታ መመርመሪያ ለዓመታት ማስቀመጥ በየትኛውም አገር በጀት ላይ ለማስረዳት የሚያስቸግር ወጪ ነው። በፍሎሪዳው ጉዳይ ፍጥነቱ የመጣው ከፋጁ ብቻ አይደለም፤ ፋጁ፣ ሳህኑና ባለሙያው አስቀድመው እዚያ በመገኘታቸው ነው። ስለ ፈጣን ምርመራ ስናወራ ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ናሙናው ማሽን ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ሕመምተኛው ግን ሰዓቱን የሚቆጥረው ከአልጋው ነው።

ኦክቶበር 4 መልሱ ወጣ። የፍሎሪዳው ላብራቶሪ ባሲለስ አንትራሲስ ነው አለ፤ ሲዲሲም በዚያው ቀን አረጋገጠ። ሰውየው ሆስፒታል ከገቡ ሁለት ቀን ማለት ነው። የጤና ሚኒስትሩ ቶሚ ቶምፕሰን ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ጉዳዩ የብቻው ሊሆን እንደሚችል ጠቁመው፣ ሕመምተኛው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከወንዝ ውኃ መጠጣታቸውን አነሱ። ያ ግምት ትክክል ሆኖ አልተገኘም።

ሰውየው ኦክቶበር 5 አረፉ። ይህን ሳልሸፍን መጻፍ አለብኝ፤ ፋጁ እሳቸውን አላዳነም። ባክቴሪያው እስከ አንጎል ሽፋን ከደረሰ በኋላ ትክክለኛው ስም መታወቁ ብዙ አይለውጥም። የተለወጠው የሌሎቹ ዕጣ ነው። መርማሪዎች ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሰሜን ካሮላይናና ወደ መሥሪያ ቤታቸው ተበተኑ። የቢሯቸው የኮምፒውተር ኪቦርድ ላይና የድርጅቱ ፖስታ ክፍል ውስጥ ስፖር፣ ማለትም የተኛ የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ፣ ተገኘ። ኦክቶበር 7 ሕንፃው ተዘጋ፣ በውስጡ ለነበሩት አንቲባዮቲክ ይሰጥ ጀመር። በፖስታ ክፍሉ የሚሠራ ሌላ ሰው ታሞ ነበር፤ ምን እንደሚፈለግ ስለታወቀ ታክሞ ዳነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ደብዳቤዎቹ ለኒው ዮርክ የዜና ተቋማትና ዋሽንግተን ላሉ ሁለት ሴናተሮች ተልከው ነበር። በዲሲ ብሬንትውድ ፖስታ ማከፋፈያ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። በዚያ ሰሞን ዲሲና አካባቢዋ የነበረ አበሻ ፖስታ ለመክፈት እንኳ እንዴት ይፈራ እንደነበር ይናገራል። በጠቅላላ 22 ሰው ታመመ፣ አምስቱ ሞቱ። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ለስልሳ ቀን አንቲባዮቲክ እንዲወስድ ተመከረ። በየቦታው ነጭ ዱቄት ያየ ሁሉ ፖሊስ ይጠራ ስለነበር የኔትወርኩ ላብራቶሪዎች ከ120,000 በላይ ናሙና መረመሩ። ከብዙዎቹ ሳህኖች ላይ የበቀለው የአፈሩ ዘመድ ወይም ምንም ነበር። "አይደለም" የሚለውን መልስ በእርግጠኝነት መስጠትም የእነዚህ ምርመራዎች ሥራ ነው። ያን ያህል ጥርጣሬ በአንድ ውድ ማሽን ብቻ ቢጠበቅ ወረፋው የት በደረሰ ነበር!

ጋማ የማይችለውም አለ። የደብዳቤዎቹ ዱቄት ስፖር ነበር። ስፖር የተኛ ባክቴሪያ ነው፤ ግድግዳው ተዘግቷል፣ ፋጅ አይገባውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሳህን ላይ ማብቀል ግድ ነው፤ ሰዓቱን የሚበላውም ይሄ ነው። ሁለተኛ፣ ጋማ ዘርን እንጂ ጉልበትን አይለይም። ለከብት ክትባት የሚሆነው ስተርን የተባለ ዝርያ ሽፋን መሥሪያው የጠፋበት ነው፤ ጋማ እሱንም ያፈርሰዋል። ስለዚህ የሽፋን ምርመራ ከጎኑ መሄድ አለበት። ሦስተኛ፣ መቶ በመቶ አይደለም። ኤቲሲሲ 4342 የሚባል የታወቀ የሴሪየስ ዝርያ በጋማ ይፈርሳል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ፋጅን ከመንቀሳቀስ ምርመራ ጋር (አባ ሰንጋ አይንቀሳቀስም፣ ሴሪየስ ይንቀሳቀሳል)፣ ከደም ማሟሟት ምርመራ ጋር (አባ ሰንጋ የሳህኑን ደም አያሟሟም) ደርበው የሚያነቡት። "ከየት መጣ?" ለሚለውም ጋማ መልስ የለውም። ዱቄቱ ኤምስ ከሚባለው የላብራቶሪ ዝርያ መሆኑን የለየው የሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲው የፖል ኪም ቡድን በዘረ መል ምርመራ ነው።

ከጥቃቱ በኋላ ሥራው ቀጠለ። በ2002 ኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ቪንሰንት ፊሼቲና ባልደረቦቻቸው ፋጁን ትተው ኢንዛይሙን ብቻ፣ ያንኑ ፕላይጂን፣ አጥርተው አወጡ። ስፖሩን በአሚኖ አሲድ ይቀሰቅሱታል፤ ሲነቃ ኢንዛይሙ ይሰብረዋል፤ ከውስጡ የሚፈሰው የኃይል ሞለኪውል የብርሃን ኬሚካል ሲያገኝ ያበራል። ብርሃኑን በእጅ የሚያዝ መለኪያ ያነበዋል። ማደር የለም። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ የብርሃን ጂን ፋጁ ውስጥ ከተው፣ ባክቴሪያው ራሱ እንዲያበራ አደረጉ። ይህን መንገድ ለሳንባ ነቀርሳ የጀመሩት በ1993 ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ የዊሊያም ጄከብስ ቡድን ናቸው። አሮጌው የሳህን ምርመራም ወግ ደረሰው፤ በ2005 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለአባ ሰንጋ መለያነት ተቀበለው።

ለእኛ አባ ሰንጋ የፊልም ነገር አይደለም። ድንገት የሞተ በሬ ይገፈፋል፣ ሥጋው ይከፋፈላል፣ ከቀናት በኋላ የገፈፈው ሰው ክንድ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ይወጣል። በ2015 ኢትዮጵያ ውስጥ ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሲመረጡ ከአምስቱ አንዱ እሱ ነበር፤ ከእብድ ውሻ በሽታ፣ ከብሩሴሎሲስ፣ ከሌፕቶስፓይሮሲስና ከኤኪኖኮኮሲስ ጋር።

የጋማ ምርመራ የሚጠይቃቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ስቆጥር ብዙዎቹ እዚሁ አሉ። የበግ ደም አለ። ኢንኩቤተርና ፍሪጅ የክልል ላብራቶሪዎች የሚያውቁት ዕቃ ነው። ለማነጻጸሪያ የሚሆነው ጉልበቱ የተሰበረ ዝርያም ሩቅ አይደለም፤ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የአባ ሰንጋን ክትባት ያመርታል። የሚቀረው ፋጁን በየጊዜው አድሶ የሚያስቀምጥ ሰው፣ የተጠረጠረን ናሙና በአግባቡ የሚይዝ የደህንነት ክፍል፣ እና ከወረዳ የእንስሳት ሐኪም እስከ ላብራቶሪው የሚደርስ ናሙና ማመላለሻ ነው። ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ይመስለኛል። ሥጋው ከመከፋፈሉ በፊት ለወረዳው ሐኪም የሚደወልበት ስልክና ናሙናውን ይዞ የሚነሳ ሞተር ከሌለ የፋጁ ጠብታ ከሰዎቹ ቁስል በኋላ ነው የምትደርሰው።